ሽታ የሌለው አውሮፕላን

ክሊፎርድ ጎንበስ ብሎ አፍንጫውን ወደ ክንፉ ሲያስጠጋ ሙሪየል ክፉ ነገር አልጠረጠረችም። ሰውየው ክንፍ ማሽተት ከጀመረ ሠላሳ ዓመት አልፎታል። በየዓመቱ በጋው ሲገባ የአውሮፕላን ሠሪዎች ማኅበር ሰዎች በእንግሊዝ አገር ሊንከንሻየር ውስጥ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በተረፈ አሮጌ የአየር ኃይል ሜዳ ላይ ይሰበሰቡና በአያቶቻቸው ዘመን ንድፍ የሠሯቸውን ትንንሽ አውሮፕላኖች ያበራሉ። ሞተር የላቸውም፤ የሚያበራቸው የተጠማዘዘ ላስቲክ ነው። ከመብረራቸው በፊት ዳኛው ክሊፎርድ በየጠረጴዛው እየዞረ ያሸታቸዋል።

ነገሩ ሲጀመር ቀልድ ነበር። የውድድሩ ሕግ የአውሮፕላኑ አጥንት በስስ ወረቀት ወይም በሐር ይልበስ፣ በካውያ ሙቀት የሚጣበቀው ፕላስቲክ አይፈቀድም ይላል። ወረቀት የሚያለብስ ሰው ደግሞ ወረቀቱን የሚወጥርለት ዶፕ የሚሉት ፈሳሽ አለ፤ ጓሮ ከፍተውት መኝታ ቤት የሚሸት፣ ዓይን የሚያስነባ ነገር ነው። እንግዲያው እኔ አሽትቼ አውቃለሁ አለ ክሊፎርድ። ሰዉ ሳቀ። በዓመቱም አሸተተ፣ ሰዉ ሳቀ። በአሥረኛው ዓመት የሚስቅ አልነበረም፤ ሁሉም ክንፉን አንስቶ ለአፍንጫው ያቀርብለት ጀመር።

ዛሬ የሙሪየልን አውሮፕላን አንድ ጊዜ አሸተተ። ዞሮ በሌላው ክንፍ በኩል አሸተተ። ጅራቱንም አሸተተ። ቀና ሲል ፊቱ ተለውጧል።

«ፕላስቲክ ነው» አለ።

«ምኑ?»

«ልባሱ። ምንም አይሸትም።»

ሙሪየል የሚቀልድ መስሏት ሳቀች። አልሳቀላትም።

«ክሊፎርድ፣ ወረቀት ነው እኮ። በገዛ እጄ ነው ያለበስኩት።»

«እኔስ ምን አልኩ? ያለበሰው ሰው ማን እንደሆነ ያስታውቃል» አለና በጥፍሩ ክንፉን ቆርቆር አደረገው። «አታይውም እንዴት እንደሚያብለጨልጭ?»

«ቫርኒሽ ነዋ! በውሃ የሚቀጥን የወለል ቫርኒሽ።»

«የወለል!» አለ ክሊፎርድ፣ ወደ ሌሎቹ ጠረጴዛዎች ዞር ብሎ። «ሰማችሁ? የወለል ቫርኒሽ ቀብታ መጣች። ሚስስ ታክስተር፣ ይኼ ወጥ ቤት አይደለም።»

ሚስስ ታክስተር! አርባ ዓመት ሙሪየል ሲላት የኖረ ሰው፣ በገበታዋ ቁጭ ብሎ ስንቱን ጥብስ የበላ ሰው፣ ዳኝነት ሲያምረው ሚስስ ታክስተር አላት። ኪሱ ውስጥ ያለውን እርሳስ አወጣና የሠሪው ስም በሰፈረበት የመወዳደሪያ ካርድ ላይ «አይበርም» ብሎ ጻፈ። ከዚያ ካርዱን ክንፉ ላይ አስቀመጠው።

ሙሪየል ቆሽቷ አረረ። ደግሞም ወዲያው ዓይኗ የሄደው ሜዳው ዳር ወደ ቆመችው አረንጓዴ መኪናቸው ነው። መኪናዋ ውስጥ፣ መስኮቱ ሁሉ ተዘግቶ፣ የኦክስጅን ሲሊንደሩን በጉልበቶቹ መካከል አቅፎ ባሏ ዊልፍ ተቀምጧል። ውድድሩ የሚያበቃው አሥር ሰዓት ላይ ነው። አሁን ስምንት ሰዓት ተኩል ሆኗል።

ዊልፍ ታክስተር ሃምሳ ዓመት ሙሉ ጓሮ ባለችው የሣንቃ ቤቱ ውስጥ፣ ብርድ እንዳይገባ በሩን ዘግቶ፣ ዶፕ ሲቀባ ኖሯል። ክሊፎርድ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ጎረምሳ ሆኖ ወረቀት ማልበስ የተማረው እዚያች ቤት ነው፤ ያስተማረው ዊልፍ ነው። ከስድስት ዓመት በፊት ዊልፍ ደረጃ መውጣት ሲያቅተው ሐኪሟ ሳንባውን አየችና «ሲጋራውም ነው፣ እዚያች ቤት ውስጥ ስትምግ የኖርከውም ነው። ከእንግዲህ ያ ሽታ ባለበት እንዳትደርስ» አለችው። ሲጋራውን በአንድ ቀን ተወ። የጓሮውን ቤት በር ቆልፎ ቁልፉን ለሙሪየል ሲሰጣት ግን አለቀሰ፤ እሷም አላየሁም ብላ ድንች መላጧን ቀጠለች።

አንድ አውሮፕላን ቀርቶት ነበር። አጥንቱን ጨርሶታል፤ ጎድኖቹ ሁሉ ባልሳ ከሚባል ቀላል እንጨት ተፈልፍለው፣ በብርጭቆ ወረቀት ተሞርደው፣ ልብስ ብቻ ነበር የሚጠብቁት። ሙሪየል አምጥታ ወጥ ቤት ግድግዳ ላይ በሁለት ምስማር ሰቀለችው። ስድስት ዓመት ራቁቱን ተሰቀለ። ዊልፍ ቁርሱን ሲበላ እሱን ያያል፤ ሙሪየል ደግሞ ዊልፍን ታያለች።

ባለፈው ክረምት ከሆስፒታል ኦክስጅን ይዞ ሲወጣ፣ ሻዩን እያማሰለ፣ ስለ አየሩ እንደሚያወራ ሰው «ያንን ነገር ሲበር ሳላየው መሄዴ ነው መሰለኝ» አለ። ሙሪየል በማግስቱ ከተማ ወርዳ ስስ ወረቀት፣ ቀለም መሸጫ ገብታ ሽታ የሌለው ቫርኒሽ፣ ከጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ደግሞ ልጆች ትምህርት ቤት የሚይዙትን፣ እንደ ከንፈር ቀለም ከታች እየገፉ የሚያወጡትን ሙጫ ገዝታ ተመለሰች።

«በዚህ? በልጆች ሙጫ?» አለ ዊልፍ።

«በዚህ። ደግሞ አንተ እዚያው ወንበርህ ላይ ተቀምጠህ ነው የምታዘኝ።»

«ሴትዮ፣ አብደሻል።»

«አብጃለሁ። ከየት ነው የምጀምረው?»

ከክንፉ ሆድ ጀመሩ። ሙጫውን በክንፉ ዙሪያ አሻሸች፤ ጠመዝማዛው ቦታ ላይ ነጩን የአናጢ ሙጫ በውሃ አቅጥና በብሩሽ ቀባች፤ ወረቀቱን አልብሳ ጫፍ ጫፉን እየሳበች ሽብሽቡን አወጣች። ዊልፍ ከወንበሩ ሆኖ ይጮሃል፣ ጮሆ ትንፋሹ ሲያጥረው በእጁ ያመለክታል። «ወረቀት ቃጫ አለው» አላት። «ቃጫው ከክንፉ ርዝመት ጋር ይሂድ። ሞክሪው፤ ወደ ቃጫው ብትቀጂው ልክ በማስመሪያ እንደተሰመረ ይሄዳል፤ ወደ ጎን ብትቀጂው ይዘነጣጠልብሻል።» ወረቀቱ ሲለብስ ውሃ ነፋችበት። ውሃው ሲደርቅ ወረቀቱ መወጠሩን ተወጠረ፤ ግን ክንፉንም ይዞት ተጣመመ። በውሃ አርሳ ገሸለጠችው። ሁለተኛም ተጣመመ። በሦስተኛው ዊልፍ «በስፒል ሳንቃው ላይ ቸንክሪውና እስኪደርቅ እንዳትነኪው» አላት፤ ቸነከረችው። የምግብ ጠረጴዛው በክንፍ ስለተያዘ ሁለት ወር ሙሉ እራታቸውን ሳህኑን ጉልበታቸው ላይ አድርገው በሉ። ቫርኒሹን ሦስት ጊዜ ስስ አድርጋ ቀባች፤ በእያንዳንዱ ጊዜ ወረቀቱ መጀመሪያ ይላላና ያስደነግጣታል፣ ሲደርቅ ተመልሶ ይወጠራል። ዊልፍም ከስድስት ዓመት በኋላ አውሮፕላን በሚለብስበት ክፍል ውስጥ፣ ሳያስለው፣ ቁጭ ብሎ ዋለ።

እና አሁን ክሊፎርድ መጥቶ አይሸትም አለ! ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ይሏል ይኼ ነው። ዶፕ ያልነካውን ነገር ዶፕ ካልሸተተ ይላል። ያውም የዊልፍን ሳንባ የበላውን ሽታ ነው አምጪ የሚላት።

ካርዱን አንስታ ተከተለችው። ክሊፎርድ ሁለት ጠረጴዛ አልፎ የሌላ ሰው ክንፍ ላይ አጎንብሷል።

«ሕጉ የታለ?» አለችው።

«የምን ሕግ?»

«ይሽተት የሚለው! ወረቀት ይሁን ነው የሚለው። ይሽተት የሚል ካለ አሳየኝ።»

«ሙሪየል፣ ሰው ፊት አታዋርጂኝ» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። ከዚያ ለሰዉ እንዲሰማ ከፍ አድርጎ «እኔ እንኳ አንቺን አላማሁም፤ አታውቂም። ዊልፍ ቢኖር ኖሮ ግን እንዲህ ያለ ነገር አያመጣም ነበር» አለ።

ሙሪየል አንድ እርምጃ ቀረበችው።

«ቢኖር ኖሮ?»

«ማለቴ...»

«ቢኖር ኖሮ ነው ያልከው? ዊልፍ ሞተ ብሎ ማን ነገረህ? ያውልህ! መኪና ውስጥ ተቀምጧል!»

ሜዳው ላይ ያለ ሰው ሁሉ ወደ አረንጓዴዋ መኪና ዞረ። ዊልፍ ከመስታወቱ ኋላ ሆኖ ሰዉ ሁሉ ሲያየው አውሮፕላኑን ያደነቁለት መስሎት እጁን አነሳላቸው። አንዱም መልሶ እጁን የሚያነሳ ጠፋ።

«ታዲያ ወጥቶ ለምን አይቀላቀለንም?» አለ ከጎን ጠረጴዛ ደስመንድ። ደስመንድ ሆዳም፣ ክፋት የሌለው ሰው ነው፤ ያን ጊዜም ቤከን የሚሉትን የአሳማ ሥጋ በዳቦ እየበላ ነበር።

«ስለምትሸቱ ነዋ!» አለች ሙሪየል። «ሁላችሁም ስለምትሸቱ! ጠረጴዛችሁ ይሸታል፣ ሣጥናችሁ ይሸታል፣ እነዚህ ኮቶቻችሁ ደግሞ ለብቻቸው ይሸታሉ!»

የኮቱ ነገር እውነት ነው። እነዚህ ሰዎች ለሜዳ የሚለብሱትን ኮት አያጥቡም። ሃያና ሠላሳ ዓመት ዶፕ የተንጠባጠበበት፣ እጅጌው እንደ ቆርቆሮ የደረቀ ኮት ለእነሱ እንደ ኒሻን ነው፤ የክሊፎርድ ደግሞ ከሁሉም የባሰ ነው። ዊልፍ በታመመ በመጀመሪያው ዓመት ክሊፎርድ ያን ኮት ለብሶ ሊጠይቀው መጣ፤ ዊልፍ ሌሊቱን ሙሉ ሲያስል አደረ። ሙሪየል በማግስቱ ደውላ «ስትመጣ ኮትህን ቀይረህ ና» አለችው፣ በሰላም፣ በትሕትና። በዚህ ብቻ ከዚያ ወዲህ ክሊፎርድ ደጃቸውን አልረገጠም። ኮቴን ናቀች አለ አሉ። እሱ ሲቀር ሌሎቹም እሱን አይተው ቀሩ።

ሙሪየል ወደ ጠረጴዛዋ ተመልሳ አውሮፕላኑን በሁለት እጇ አንስታ መጣች። ክሊፎርድ ፊት ቆመች።

«ደስመንድ» አለች፣ ዓይኗን ከክሊፎርድ ላይ ሳታነሳ። «ፕላስቲክ በጣት ሲወጉት ምን ይሆናል?»

«ይለጠጣል» አለ ደስመንድ ጉንጩ እንደሞላ።

«ወረቀትስ?»

ደስመንድ ማኘኩን አቆመ። «ሙሪየል፣ ተይ» አለ።

አልተወችም። አውራ ጣቷን በሦስተኛውና በአራተኛው ጎድን መካከል አድርጋ ተጫነች። ጧ አለ። ያን ድምፅ ሜዳው ላይ የማያውቀው የለም፤ ሁሉም በየቤቱ ሰምቶት ተሳድቦበታል። ከዚያ በቀዳዳው ጣቷን አስገብታ ወደ ክንፉ ርዝመት ሳበችው፤ ወረቀቱ ከጎድን እስከ ጎድን በማስመሪያ እንደተሰመረ ቀጥ ብሎ ተቀደደ። ሁለት ወር በጉልበታቸው ላይ እራት የበሉለት ክንፍ ነው። ወደ ክሊፎርድ አፍንጫ አስጠጋችው።

«በል አሽትት! በደንብ አሽትት!»

ክሊፎርድ አላሸተተም። መነጽሩን አውጥቶ የተቀደደውን ጠርዝ አየ። ቃጫው እንደ ጸጉር ወጥቶ ይታያል፤ ፕላስቲክ ቃጫ የለውም። ፊቱ ከአንገቱ ጀምሮ ቀላ።

«ወረቀት ነው» አለ በመጨረሻ።

«ጮክ ብለህ!»

«ወረቀት ነው ብያለሁ!» ካፈርኩ አይመልሰኝ ይሉት ዓይነት ሰው ስለሆነ ግን እዚያ ላይ አላቆመም። «አሁን ደግሞ ተቀዷል። የተቀደደ ክንፍ እንዴት ይበራል?»

«ኧረ ክሊፎርድ እፈር!» አለ ደስመንድ። «አምና አንተ ራስህ ክንፍህ አጥር ላይ ተቀዶብህ ሁለት ጊዜ ጠግነህ አላበረርክም? ያውም ሁለተኛው ጥጋኝ ሳይደርቅልህ እንደ ምንቸት ወደቀብህ።»

ሰዉ ሳቀ። ክሊፎርድ ካርዱን ተቀብሎ «አይበርም» ያለውን ሰረዘው።

ሙሪየል ለሳቁም ለካርዱም ጊዜ አልነበራትም። የእጅ ቦርሳዋን ከፍታ የልጆቹን ሙጫ አወጣች፤ ከዚያው ወረቀት የተረፈ ቁራጭም በፖስታ አጥፋ ይዛ ነበር። የተቀደደውን ቦታ በምላጭ አስተካክላ ቆረጠች፣ የጎድኖቹን ጠርዝ በሙጫ አሻሸች፣ ቃጫውን አይታ ጥጋኙን አለበሰች። ውሃ መርጫውን ቤት ረስታዋለች። ስለዚህ አጎንብሳ በትንፋሿ ደጋግማ እፍ አለችበት፤ ወረቀቱ ረጠብ አለ፤ ከባሕር የሚመጣው ብርዳም ነፋስ ደግሞ አደረቀው። ዙሪያዋን ሰው ከበባት። አንዱ ሽማግሌ ጥጋኙን በጣቱ ጫፍ ነካ አደረገና መወጠሩን ሲያይ «ምንድን ነው ሙጫው?» አላት።

«የአንደኛ ክፍል ተማሪ ጠይቅ» አለችው። ንዴቷ ገና አልበረደም።

ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ተራዋ ደረሰ። ላስቲክ ማጠንጠን የሁለት ሰው ሥራ ነው፤ አንዱ የአውሮፕላኑን ገላ ይይዛል፣ ሌላው ላስቲኩን ወደ ኋላ ስቦ ያጠነጥናል። አርባ ዓመት ዊልፍ ሲያጠነጥን ሙሪየል ነበረች የምትይዘው። ዛሬ ደስመንድ እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ ያዘላት፣ እሷ አጠነጠነች። ዊልፍ ስድስት መቶ ዙር ብሏታል፤ ስድስት መቶ ቆጠረች። ከዚያ አውሮፕላኑን ይዛ፣ ነፋሱን በጉንጯ ፈልጋ፣ ለቀቀችው።

በመጀመሪያ ወደ ታች ወረድ ሲል ልቧ አብሮት ወረደ። ወዲያው ግን አፍንጫውን አቃንቶ በቀኝ በኩል እየዞረ መውጣት ጀመረ። በመጀመሪያው ዙር ሰዎቹን አለፈ፤ በሁለተኛው አረንጓዴዋ መኪና አናት ላይ ደረሰ። ፀሐይ በቢጫው ወረቀት ውስጥ አልፋ ጎድኖቹን አንድ በአንድ አሳየቻቸው። ሙሪየል አውሮፕላኑን ማየት ትታ መኪናውን አየች። ዊልፍ ግንባሩን መስታወቱ ላይ ለጥፎ፣ ሁለት እጁን እንደ ልጅ በመስታወቱ ላይ ዘርግቶ፣ ወደ ላይ ያያል። አፉ ተከፍቷል። አንድ ደቂቃ ከአርባ ስምንት ሰከንድ በረረና ከሜዳው ወዲያ ገብስ ውስጥ ገባ። አምስተኛ ወጣ፤ ለእሷ ግን አንደኛም ቢወጣ ከዚያ አይበልጥባትም ነበር።

ደስመንድ አውሮፕላኑን ፍለጋ ሲሄድ ሙሪየል ወደ መኪናው አመራች። ገና በሩ ጋ ሳትደርስ ከኋላዋ የእግር ድምፅ ሰማች። ክሊፎርድ ነው።

«እዚያው ቁም!» አለችው።

ቆመ። «ይቅርታ ልጠይቀው ነው» አለ።

«ኮትህን አውልቅ።»

ክሊፎርድ ወደ ኋላው ዞሮ አየ። ሰዉ ሁሉ ሥራ የፈታ መስሎ ወደ እነሱ ያያል። ያን ኮት በሜዳ ላይ ሲያወልቅ ያየው ሰው የለም፤ ነፋሱም በበጋ ስም የመጣ ክረምት ነው። አንዱን እጅጌ፣ ከዚያ ሌላውን አወለቀ። የት እንደሚያደርገው አላወቀም፤ በመጨረሻ ሣሩ ላይ አስቀመጠው። በስስ ሸሚዝ ሲቀር ሙሪየል እንደከሳ፣ እንዳረጀም አየች። ግን አላዘነችለትም። አንድ ኮት ለማውለቅ ስድስት ዓመት!

ዊልፍ መስታወቱን ሦስት ጣት ያህል ዝቅ አደረገ። ክሊፎርድ ክንፍ እንደሚያሸት ሁሉ ጎንበስ አለ።

«ዊልፍ» አለ።

ዊልፍ ትንፋሹን ሰበሰበ። «ስትቀደው... ቃጫው ቀጥ አላለም?»

«ቀጥ ብሏል።»

«እሷ ናት ያለበሰችው።» ትንፋሽ ወሰደ። «ካርዱ ላይ... የእኔ ስም ብቻ ነው ያለው። የእሷንም ጻፍ።»

ክሊፎርድ ካርዱን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ጻፈ፤ ብርዱ እጁን ስላንቀጠቀጠው ጽሑፉ ተጣመመ። ጽፎ ሲጨርስ ግዴታውን የተወጣ ሰው መስሎ ቀና አለና ሣሩ ላይ ወዳለው ኮቱ ሊመለስ ዞረ። ሙሪየል መንገዱ ላይ ቆማ ጠበቀችው።

«ወዴት ነው?»

«ብርድ ነው እኮ፣ ሙሪየል። ኮቴን...»

«ኮትህ የትም አይሄድብህም» አለችው። «የሚሄደው እሱ ነው።»

ክሊፎርድ ኮቱን አየ፣ እሷን አየ። ከዚያ ተመልሶ ሄደና በመስታወቱ የሦስት ጣት ክፍተት በኩል፣ ጥርሱ እየተንገጫገጨ፣ ከዊልፍ ጋር ስለ ድሮ አውሮፕላኖች ማውራት ጀመረ።